ምዕራፍ 7፦ የቆመ መኪና ሕመም

ቦሎኛ ከተማ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጣሊያንኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ፤ የመኪናዬን ኮፈን ከፈተና እየጠቆመ መናገር ጀመረ። የግሱን እርባታ፣ የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ አላውቅም። ስሞቹን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ። ራሴን እየነቀነቅሁ ስከተለው ቆየና ቋንቋውን የት እንደተማርሁ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ ጋሼ ከምላቸው መካኒክ ጋራዥ፣ በልጅነቴ ቁልፍ እያቀበልሁ መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳው?

ከቃላቱ የጀመርሁት መኪናውን ከማንም በላይ የሚያስረዱት እነሱ ስለሆኑ ነው። ወደ እኛ የገቡበት መንገድ የደም መንገድ ነው። የጣሊያን ወራሪ ጦር በጭነት መኪና ሲመጣ ጋራዡም፣ መፍቻውም፣ ስሙም አብሮ መጣ። ጦሩ ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ በሀበሻ መካኒክ እጅ ቀሩ፤ እሱም የራሱ አደረጋቸው። ዛሬ «ፍሬን ያዝ!» ብሎ የሚጮህ ረዳት ጣሊያንኛ ተናገርሁ ብሎ አያስብም። የቃላቱን ፍቺ ላወቀ ሰው ግን መኪናው ሌላ መልክ ይይዛል። ካንዴላ ሻማ ነው፤ ፍሬቻ ቀስት። ቴስታታ «ራስ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት ቱቦ ካሚቻ የተባለው ካሚቻ ሸሚዝ ስለሆነ ነው። ፍሬን ደግሞ ሞተር ከመፈጠሩ በፊት የፈረስ ልጓም ነበር። ማሽንን እንዲህ የሚሰይም ሕዝብ እንደ ገላ ያየዋል፤ ራስ አለው፣ ሸሚዝ ይለብሳል፣ በልጓም ይገታል። ገላ ደግሞ ተኝቶ ሲከርም ይታመማል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሕመም ነው።

መኪናው አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ይባላል። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሸራ፣ ሲታጠፍ ሰማዩን የሚሰጥ መኪና ነው። መጀመሪያ የታየው በ1966 በጄኔቭ የመኪና ትርዒት ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅርጹን ያወጣው የቱሪኑ ፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን የቤቱ መሥራች ባቲስታ ፒኒንፋሪና መኪናው ታይቶ ወር ሳይሞላ አረፈ፤ ስፓይደሩ እጁ ካረፈባቸው የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቀረ። ፋብሪካው ለመኪናው ስም እንዲያወጣ ሕዝቡን ጋብዞ ነበርና «ዱኤቶ» የሚለው አሸነፈ። ስሙን ሌላ አምራች ለጣፋጭ ምግብ ይዞት ስለነበር በይፋ ሊጸና አልቻለም፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ ዱኤቶ ነው የሚለው። በዓመቱ ደስቲን ሆፍማን «ዘ ግራጁዌት» በተባለው ፊልም ቀዩን ዱኤቶ እየነዳ ወጣና አሜሪካኖች ልባቸውን ሰጡት።

የእኔው የ1970 ነው። በዚያን ጊዜ ክቡ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ ቀጥ ያለ ሆኗል፤ ሞተሩም አድጎ 1779 ሲሲ ደርሷል። ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን 1750 ይላል። ሒሳቡ የማይገጥመው ቁጥሩ መታሰቢያ ስለሆነ ነው። በ1929 እና በ1930 ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ ይደረግ የነበረውን ሚሌ ሚሊያ የተባለ ውድድር ያሸነፈው አልፋ ስሙ 6ሲ 1750 ነበር። በሁለተኛው ዓመት መሪውን የጨበጠው ታሲዮ ኑቮላሪ ያን ሁሉ መንገድ በአማካይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የመጀመሪያው ሆነ። አርባ ዓመት ቆይቶ አንድ ፋብሪካ ለሚሸጠው መኪና የአያቱን ስም ሰጠው ማለት ነው፤ እኛም ዘንድ የሚደረግ ነገር ነው።

ከቆዳው ሥር ያለው ነገር በዘመኑ እንዴት ያለ እንደነበር ለማየት የጊዜውን ተራ መኪና ማሰብ ያስፈልጋል። የብረት ሞተር፣ አራት ማርሽ፣ ቢያንስ ከኋላ ከበሮ ፍሬን። አልፋ ሮሜዮ በ1950 እና በ1951 የመጀመሪያዎቹን ሁለት የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮናዎች በፋሪናና በፋንጂዮ ያሸነፈ ቤት ነው። በኦራዚዮ ሳታ እና በጁሴፔ ቡሶ የሚመሩት መሐንዲሶቹ የውድድሩን ብልሃት ለሐኪምና ለነጋዴ በሚሸጥ መኪና ውስጥ ከተቱት። ብሎኩም ቴስታታውም አልሙኒየም ነው። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሁለት ካምሻፍቶች ከላይ ተቀምጠው በካቴና ይሽከረከራሉ። ማርሹ አምስት ነው። አራቱም ጎማዎች የዲስክ ፍሬን አላቸው።

አንዷን ብልሃት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣበት ቫልቭ በሞተር ውስጥ ከሁሉም የባሰ ይግላል፤ ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘንጉን ቦርቡረው ውስጡ ሶዲየም ጨመሩበት። ሶዲየም ወደ 98 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። ቫልቩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ፈሳሹ ከላይ ታች እየተናጠ፣ ከሚነድደው ጫፍ ሙቀት እየቀዳ ወደ ዘንጉ ያመጣል፤ ዘንጉም ለቴስታታው ያስረክባል። ከጣት በቀጠነ ብረት ውስጥ ቅል እየተናጠ ነው። ይህን ሳውቅ ሞተሩን የምሰማበት ጆሮዬ ተለወጠ።

ስገዛው አሥራ አንድ ዓመት በጎተራ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሻጩ ይህን እንደ ሙገሳ ነገረኝ፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ዝናብ አላየም፣ ክረምት አላወቀም አለኝ። እኔም አመንሁ። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ስሕተት አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ዕረፍትን ከጤና ጋር ያምታታል።

የቆመ መኪና ምን ይሆናል? በካርቡራተሩ ጽዋ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀስ በቀስ ይተናል፤ ቀላሉ ክፍል ይሄድና ከባዱ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ነዳጅ የሚያልፍባቸው ጂግለሮች ቀዳዳቸው ከመርፌ አይበልጥምና ያ ሙጫ ለመድፈን ይበቃቸዋል። የዛሬው ቤንዚን ደግሞ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ ለእሱ ያልተሠሩትን የድሮ የጎማ ቱቦዎችም ያለሰልሳል። ሰልባትዮው ባዶ ሲሆን ባዶው ክፍል በሌሊት ያልባል፤ ከውስጥ ይዝጋል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ከተጫነበት ብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ጎማው የተኛበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አይጨብጥም። ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች በዘይት ካልራሱ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ያ አሥራ አንድ ዓመት ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው፤ አንዱም ቀን አላረፈም።

«እያስነሣሁ አሞቀው የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ይህ ከማቆሙ የባሰ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ በደንብ ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይሄዳል። አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ያጠፋው ሰው ግን ውሃውን ለቀዝቃዛው ማርሚታና ለዘይቱ አስረክቦ ሄደ። ማርሚታ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። መኪናው የሚጠቅመው በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ዘይቱ ጭምር እስኪግል ድረስ፣ ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር መንዳት ነው። ልጅ ሳለሁ ጋሼ ሰይቼንቶ ታክሲዎችን ሲጠግኑ እሰማቸው ነበር። ሌት ተቀን ከሚሠራው ይልቅ ባለቤቱ ታሞበት ደጅ የከረመውን ይፈሩ ነበር። ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

ይህ ሁሉ ግን መድኃኒት አለው፤ ገንዘብና ትዕግሥት ነው። የሚያስለቅሰው ላሜራው ነው።

መኪናው ሻሲ የሚባል ለብቻው የቆመ ወፍራም ብረት የለውም። ሰውነቱ ራሱ አጥንቱ ነው፤ ስስ ላሜራ ታጥፎና ተበይዶ እንደ ሳጥን ቆሟል። ሳጥን ክዳኑ ሲኖር ጠንካራ ነው። ክዳኑን አንሥተው የካርቶን ሣጥን በሁለት ጫፉ ቢይዙት ይጣመማል። ስፓይደር ክዳን የሌለው ሳጥን ነው፤ ስለዚህ ጭነቱ ሁሉ የሚወድቀው ከበሩ ሥር በግራና በቀኝ በሚሄዱት ሁለት ድፍን ቦዮች ላይ ነው። እነሱ ከበሰበሱ መኪናው መሀሉ ላይ ይሰበራል። ሦስት ንጣፍ ላሜራ ተደራርቦ ነው የተሠሩት፤ በመሀላቸው ያለውን ክፍተት ማንም ቀለም አልቀባውም። የሸራውን ጣሪያ ውሃ የሚያወርዱት ቱቦዎች በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ወለሉና ወደ እነዚህ ክፍተቶች ይወርዳል። ዝገት ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራውን ከውስጥ ገፍቶ ያነሣዋል። ቀለሙ ላይ የምናየው እብጠት ሕመሙ የጀመረበት ቦታ አይደለም፤ ያለቀበት ነው።

በጣሊያን መኪና አፍቃሪዎች መካከል የሚወራ ታሪክ አለ፤ የዚያ ዘመን መኪናዎች የዛጉት ጣሊያን ከሶቪየት ኅብረት በተቀበለችው ርካሽ ብረት ነው ይላል። ፊያት በ1966 ከሶቪየቶች ጋር ፋብሪካ ለማቆም መዋዋሉ እውነት ነው። የብረቱ ነገር ግን እኔን አያሳምነኝም። ጥፋቱ የብረቱ ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ያገኘውን ሁሉ በበላው ነበር። በስፓይደር ላይ ግን የዝገቱ ካርታ አንድ ነው፤ ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማ ቅስት፣ ተቀያሪ ጎማው ከሚተኛበት ጉድጓድ፣ ክሪክ ከሚገባበት ቦታ። ውሃ የሚቆምባቸው ቦታዎች ናቸው። ወንጀለኛው አሠራሩ ነው።

የእኔው ስፓይደር በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ያማረ ቀለም ነበረው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ አላስጠጋሁበትም። አስጠግቼው ቢሆን ኖሮ ከግራው በር ሥር አይጣበቅም ነበር፤ ከቀለሙ በታች ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነበርና፣ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው። ሌላም ቀላል ፈተና አለ። መኪናውን ከበሩ ሥር በክሪክ ያነሡና በሩን ከፍተው ይዘጉታል። አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ በሩ እንደ ወትሮው ይገጥማል፤ ከበሰበሰ መኪናው ስለሚጎብጥ በሩ ቁልፉን ይስታል። እኔ ይህን የተማርሁት ከፍዬ ከጨረስሁ በኋላ፣ በዚያው ቦሎኛ ጋራዥ ነው። በሩ አልዘጋ ሲል መካኒኩ ምንም አልተናገረም፤ ሄዶ መቁረጫውን አመጣ።

የበሰበሰውን ቆርጦ፣ በዚያው ውፍረት አዲስ ላሜራ አጥፎ፣ ነጥብ በነጥብ መበየድ ሰባት ወር ፈጀ። ሥራው ሲያልቅ በቦዮቹ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ሰም ተረጨ። ፋብሪካው በ1970 ያላደረገው ይህን ነው፤ ዛሬም በየሁለት ሦስት ዓመቱ እደግመዋለሁ። የውሃ መውረጃ ቱቦዎቹን ደግሞ በየመከሩ ለስላሳ ሽቦ አስገብቼ እጠርጋለሁ። አንድ ሰው ስለዚህ መኪና አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ቢለኝ የምነግረው ስለ ሞተሩ አይደለም፤ ስለነዚያ ቱቦዎች ነው።

ሞተሩ ይልቅስ ከሚወራበት ይበልጥ ታጋሽ ሆኖ አገኘሁት። ደካማ ጎኑ ጓርኒሲዮኑ ነው። የብረት ካሚቻዎቹ በአልሙኒየሙ ብሎክ ውስጥ ቆመው ዙሪያቸውን ውሃ ያጥባቸዋል፤ ሲያረጁ ወጥተው በሌላ ይተካሉ፤ ሸሚዝ መባላቸው ትክክል ነው። ነገር ግን አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተሩ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ካሚቻውና ብሎኩ እኩል አይሄዱም፤ በመሀል ያለው ጓርኒሲዮን ሁለቱን ሲያስታርቅ ይኖራል። ዘይት ወደ ቴስታታው በሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ስድስት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ እነሱ ሲደርቁ ዘይቱ ከውሃው ጋር ይገናኛል። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ያየ ሰው መኪናውን ማስነሣት የለበትም። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ሞተር ረግጦ መንዳት ጭካኔ የሚሆነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች እንደ ሽማግሌ አጃቢ ነው የምሄደው።

ከሁሉ የምወደው ሥራ ካርቡራተር ማስማማት ነው። ሁለት ዌበሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ጉሮሮ አላቸው፤ አራት ጉሮሮ ለአራት ሲሊንደር። ዌበር የቦሎኛ ልጅ ነው። ኤዶዋርዶ ዌበር ፋብሪካውን በ1923 በዚሁ ከተማ አቋቁሞ ስሙ በብዙ የውድድር መኪናዎች ላይ ተጻፈ። አራቱ ጉሮሮዎች እኩል ካልተነፈሱ ሞተሩ ይንገዳገዳል። መካኒኩ ለዚህ የሚጠቀምበት መሣሪያ አንድ ክንድ የሚሆን የጎማ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከጆሮው ይከታል፣ ሌላውን ከጉሮሮው አፍ ያስጠጋል። ፉጨቱን ይሰማል። ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ዊንጯን ሩብ ዙር ያዞራል። አራቱም አንድ ዓይነት ፉጨት ሲሰጡ ሞተሩ በድንገት ዝም የማለት ያህል ይረጋል። እኔ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ወሰደብኝ። በገና የሚቃኝ ሰው አጠገብ የተቀመጠ ያውቀዋል፤ አውታሩ ሲገጥም ቀድሞ የሚያውቀው ደረት ነው።

ከቦሎኛ ወደ ፍሎሬንስ የሚወስድ አሮጌ መንገድ አለ፤ በፒያኖሮ፣ በሎያኖ፣ በሞንጊዶሮ አድርጎ አፔኒኖ ተራራን ይሻገራል። የራቲኮዛ ማለፊያ 968 ሜትር፣ የፉታ 903 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሚሌ ሚሊያ በዚህ ያልፍ ነበር፤ ኑቮላሪም። ስፓይደሩ የተሠራው ለእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ክብደቱ ከአንድ ቶን እምብዛም አይበልጥም። መሪው ቆሞ ሲዞር ክንድ ያደክማል፤ መሄድ ሲጀምር ግን ይቀላል፣ የአስፋልቱንም ስንጥቅ ለጣት ይነግራል። የማርሹ ዘንግ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋሎ ወጥቶ እጅ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ማርሽ የዚህ ካምቢዮ የታወቀ በሽታ ነው። ጥርሶቹ ሳይጋጩ እንዲገናኙ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ቀለበት በቀላሉ ስለሚያልቅ፣ በተለይ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ የቸኮለ ሰው ግርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ከአንድ ወደ ሁለት ስሄድ መሀል ላይ ትንፋሽ ያህል እቆያለሁ። ከጊዜ በኋላ ያቺ ቆይታ የመኪናው ባሕርይ ሆና ትታያለች፤ አዲስ መኪና ስነዳ እንኳ እጄ ይቆያል።

ከፉታ ቁልቁል ስወርድ ስለ ፍሬን ዘይት አስባለሁ። ፔዳሉን ስንረግጥ የእግራችንን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ነው። ይህ ፈሳሽ ግን ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቻል አለበት፤ ውሃ ሲገባበት ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ከዚያ ያልፋል። ፈሳሹ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው አይቆምም። ጎተራ የከረመ መኪና ገዝቶ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ዘይቱን ያልቀየረ ሰው ልጓም የሌለው ፈረስ ላይ ተቀምጧል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙ አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ከባድ ነው። መንዳት መኪናውን ያኖረዋል ብያለሁ፤ መንዳት ግን ይጨርሰዋልም። ወንበሩ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙን ጠጠር ይመታዋል፣ ከ1970 ጀምሮ የኖረው ቁራጭ አንድ ቀን ተሰብሮ በአዲስ ይተካል። ታዲያ ምን ያህሉ ሲተካ ነው መኪናው ያ መኪና መሆኑ የሚያበቃው? የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ «የቱሪን ቻርተር» የሚባል ሰነድ አለው። የተቀረጸው የጥንት ሕንፃዎች አጠባበቅ በ1964 በተደነገገበት በቬኒስ ቻርተር አምሳያ ነው። መጀመሪያ ያለውን ጠብቅ፤ መተካት ግድ ከሆነ የተተካው እንዲለይ ምልክት አድርግ፤ ያደረግኸውንም ጻፍ ይላል። መንገድ ላይ መንዳትንም የጥበቃው አካል አድርጎ ይቆጥረዋል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ወገን አለኝ። እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይበልጥ የጸዳ መኪና አይቼ ልቤ አይነካም። ገዳም ውስጥ የኖረ የብራና ዳዊት አስቡ። የገጾቹ ማዕዘን በጣት ጠቁሯል፤ ሰሙ ጠብ ያለበት ቦታ አለ፤ ድጓሳው ተፈትጓል። አዲስ ቆዳ ላልብሰው፣ ጥቁረቱን ልፋቀው የሚል ቢመጣ አባቶች አያስነኩትም፤ ያ ጥቁረት የጸለዩት ሰዎች እጅ ነው። የእኔ ስፓይደር የሾፌሩ ወንበር በግራ በኩል የተላጠው ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት ሰው ስለገባና ስለወጣበት ነው። የበሰበሰውን ላሜራ አስቆረጥሁ፤ ካልተቆረጠ ሰው ይገድላልና። ወንበሩን ግን አልነካሁትም። የተቆረጡትንም ቁራጮች ቀን ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ በሣጥን አስቀምጫለሁ።

መንዳትን የሚገድል አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ዋጋ ነው። አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ2023 በኒው ዮርክ ጨረታ ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እንዲህ ያለውን መኪና በዝናብ ቀን ወደ ተራራ የሚያወጣ ጥቂት ነው። ቢሆንም የፒንክ ፍሎይድ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን የራሱን 250 ጂቲኦ ለዓመታት በውድድር ሜዳ ሲነዳው ኖሯል፤ እኔ ከጨረታው ዜና ይልቅ ይህን ነው የማከብረው። ስፓይደር ግን ከዚህ ሁሉ ደኅና ርቀት ላይ ነው። ከመቶ ሺሕ በላይ ተሠርቷል፤ ምርቱ እስከ 1993 ቀጥሏል፤ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል። ጣሊያን ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ከዓመታዊው ግብር ነፃ ነው። ያ ግብር በጣሊያንኛ ምን እንደሚባል ለእኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ቦሎ ነው።

ባለፈው ጸደይ መኪናውን ከክረምት ማረፊያው አውጥቼ ሳስነሣው ከፊት በኩል ደረቅ የሆነ ኳኳታ ሰማሁ። መካኒኩ ዕረፍት ላይ ነበር። ስልኬን አወጣሁና አዲስ አበባ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? አንድ ድምፅ ላሰማዎት ነው።»

«እስቲ አስጠጋው።»

ስልኩን ከሞተሩ ፊት ያዝሁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልፋ ስፓይደር በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

«ጋዝ ስጠው... ልቀቀው። ስትለቀው ነው የሚብሰው አይደል?»

«አዎ።»

«ካቴናው ነው፤ ላልቷል። ማጥበቂያው የት ነው?»

«ቴስታታው ላይ፣ ከፊት፣ አንድ ቡሎን አለ።»

«ከውስጥ ሞላ አለው?»

«አለው ጋሼ።»

«እንግዲያ አጥፋው። ቡሎኑን ላላ አድርግና ሞተሩን በእጅህ አዙረው፤ ሞላው ራሱ ይወጥረዋል። ከዚያ እሰረው። አደራ አልሙኒየም ነው፣ ጥርሱን እንዳትበላው።»

ስልኩን ሳልዘጋ ጎማው ላይ አስቀመጥሁትና ቁልፍ ፍለጋ ገባሁ። አሥራ ሦስት ቁጥር ሞከርሁ፤ ሰፋ። ከውጭ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ «አገኘኸው?» ይላሉ።